የሱኒልዳ ደም ምን አለ

ኢታውጓ፣ ጥር 8 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.

ለአጎቴ የልጅ ልጅ፣ ለዲግና፤

የካኩፔዋ ድንግል በሰማያዊ መጎናጸፊያዋ ትሸፍንሽ፤ የባዕድ አገር ብርድ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ እንዳልልሽ ደህና አይደለሁም፤ ታምሜያለሁ እንዳልል ደግሞ የታመመው ልጄ ነው። ነገሩ የሚያቅለሸልሽ ስለሆነ እየበላሽ ከሆነ ደብዳቤውን አስቀምጪውና ስትጨርሺ አንብቢው።

አኒባል ከገና ወዲህ አልጋ ላይ ነው። ጉሮሮው ተዘግቶ፣ ውስጡ እንደ ረጋ ወተት ነጭ ነገር ለብሶ፣ አንገቱ በንፍፊት ተነፋፍቶ በሬ መሰለልኝ። የአፉ ሽታ! እናቱ ሆኜ እንኳ ፊቴን አዞርኩ። ከመድኃኒት ቤት የታወቀውን ባለሁለት ቀለም ክኒን ገዝቼ ብሰጠው ጭራሽ ሰውነቱን ሁሉ ቀይ ሽፍታ ወረሰው። ግራ ጎኑን ከጎድኑ ሥር ያመኛል ቢለኝ ምግብ አልፈጭ ብሎት ነው ብዬ በሞራ አሸሁት። አልሆነም። በመጨረሻ ክሊኒክ ወሰድኩት።

ሐኪሙ ደም አስቀዳና «ሞኖ ነው» አለ። ሞኖ ምንድን ነው ስል ነርሷ አፏን በእጇ ሸፍና እየሳቀች «የመሳሳም በሽታ ነው፣ እትዬ» አትለኝ መሰለሽ! ሰው በሞላበት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እንግዲህ ልጄ ያለው አንድ እጮኛ ነው፤ እጮኛውም ያላት አንድ አፍ ነው። ሱኒልዳን እጇን ይዤ እየጎተትኩ እዚያው ክሊኒክ አስቀዳኋት። ወረቀቷ መጣ። «ፖዘቲቭ» ይላል። ያውም ሁለት ቦታ!

ቱ! ይህች ልጅ ዓመት ሙሉ በረንዳዬ ላይ ከዳንቴል ሠሪዎቹ ጋር እየተቀመጠች፣ ቀዝቃዛው የቅጠል መጠጣችን ቴሬሬ ሲዞር ከእኔ ዋንጫ፣ በእኔ የብር መምጠጫ ስትጠጣ ኖራለች።  አሁን ከዳንቴል ሠሪዎቹ ክብ አስወጥቻታለሁ። የውኃ ጉድጓዱ ጋ ትቀመጣለች፤ ቀይ ክር ያሰርኩበት የቆርቆሮ ኩባያ ሰጥቻታለሁ። ክሩ ማንም እንዳይሳሳት ነው።

ሠርጉ ለቅዱስ ብላስ በዓል ተቆርጧል። የጉሮሮ ጠባቂ በሆነው ቅዱስ ቀን እንዲህ ያለ ጉሮሮ ያላት ሙሽራ ላስገባ? የሁለቱንም ወረቀት ፊደል በፊደል ገልብጬ ልኬልሻለሁ። አንቺ የምትሠሪው ደም በሚመረመርበት ቤት ነው። የልጅቷ ደም ለትዳር እንደማይሆን በባለማህተም ወረቀት ጻፊልኝ። ከእኔ አፍ ከሚወጣ ከማህተም ይውጣ። መልሱን ይህን ላመጣልሽ ለአውቶቡሱ ሹፌር ስጪው።

እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክ።

አክስትሽ ኤርሚኒያ


ቦነስ አይረስ፣ ጥር 14 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.

ለማከብርዎ አክስቴ፤

ቡራኬዎን ተንበርክኬ እንደ ልጅነቴ ተቀብያለሁ። ድንግል እርስዎንም ቤትዎንም ትጠብቅ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎት፦ ሆዱን እንዳያሹት! ከግራ ጎድኑ ሥር ያበጠው ጣፊያው ነው። በዚህ በሽታ ጣፊያ ያብጣል፤ ያበጠ ጣፊያ ሲጫኑት ሊፈነዳ ይችላል፤ ከፈነዳ ሰው ይሞታል። ሞራውን ለመጥበሻ ያድርጉት። ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ከባድ ነገር አያንሳ፣ ኳስም አይጫወት። ክኒኑንም ያቁሙት። ሞኖ በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ያ ክኒን አይነካውም፤ ሽፍታውን ያወጣበትም ራሱ ክኒኑ ነው፤ ሞኖ የያዘው ሰው ያንን ሲወስድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል። ውኃ ይጠጣ፣ ይረፍ፤ ይድናል።

አሁን ወደ ወረቀቶቹ። አክስቴ፣ እባክዎ ቀስ ብለው ያንብቡልኝ። ፖዘቲቭ ማለት «ተገኘ» ማለት ነው እንጂ «ረከሰ» ማለት አይደለም። የተገኘው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የተፈለጉት ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ቫይረሱ ሳይሆኑ ሰውነት እሱን ለመመከት የሚሠራቸው መከላከያዎች ናቸው። አይጂኤም የሚባለው ሌባ ሲገባ እሪ እንደሚል ጎረቤት ነው፤ ቀድሞ ይመጣል፣ ጥቂት ወር ጮኾ ዝም ይላል። አይጂጂ ተከትሎት ይመጣና ዕድሜ ልክ አይሄድም። ሦስተኛው፣ ወረቀቱ ላይ ኢቢኤንኤ የተባለው፣ የሚመጣው ነገሩ ካለፈ ከወራት በኋላ ነው፤ እሱም አይሄድም።

የአኒባል ወረቀት፦ የመጀመሪያው ፖዘቲቭ፣ ሦስተኛው ኔጋቲቭ። በሽታው ትኩስ ነው ማለት ነው። የሱኒልዳ ወረቀት፦ የመጀመሪያው ኔጋቲቭ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ፖዘቲቭ። እነዚያ ሁለቱ ናቸው እርስዎን ያስደነገጡዎት። ልጅቷ ግን አልታመመችም። የያዛት ድሮ ነው፤ ምናልባት በሕፃንነቷ፣ ጉንፋን መስሎ አልፎ ይሆናል። ከአሥር ትልልቅ ሰዎች የዘጠኙ ደም ያንኑ ነው የሚናገረው።

አኒባል ከማን እንደያዘው ከወረቀት ማወቅ አይቻልም። ድሮ የያዘው ሰው ሁሉ ሳያመው አልፎ አልፎ ቫይረሱ በምራቁ ይወጣል። በሳሞ ይተላለፋል፤ በኩባያም፣ በዋንጫም፣ በመምጠጫም ሊተላለፍ ይችላል። በዚያ በረንዳ ላይ ስንት አፍ እንዳለ እርስዎ ያውቃሉ።

ስለዚህ ማህተም ያለበት ወረቀት አልጽፍም። የሚጻፍ ነገር የለም። ኩባያውን ይጣሉት፤ ልጅቷን ወደ ቦታዋ ይመልሷት።

አኒባልስ ምን ይላል? ስለ እሱ ጉሮሮ እንጂ ስለ እሱ ቃል አልጻፉልኝም።

ዲግና


ኢታውጓ፣ ጥር 27 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.

ለዲግና፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ጌታ ዕውቀትሽን ያብዛልሽ፣ ትሕትናም ይጨምርልሽ።

የዘገየሁት ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነብ ነው። ማሸቱን ትቻለሁ፤ ክኒኑንም ሽንት ቤት ጨምሬዋለሁ። ሽፍታው ጠፍቷል፤ ጉሮሮውም ተከፍቶ በረንዳ መውጣት ጀምሯል፤ ስለዚያ እግዜር ይስጥሽ። ስለ ልጅቷ ግን ራስሽ በእጅሽ ጽፈሽዋል፤ «የያዛት ድሮ ነው» ብለሻል። ድሮ! ልጄን ከማወቋ በፊት ማለት አይደል? ታዲያ ከማን? እኔ ሞኝ፣ ንጹሕ ገላ ያገባልኛል ብዬ!

ደብዳቤሽን በክቡ ፊት አነበብኩት። ሁሉንም አይደለም፤ የሚያስፈልገው ድረስ። የሱኒልዳ እናት ናርሲሳ በዚያው ቀን መጥታ ልጇን ወሰደች። ናርሲሳ አለቀሰች። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ መርፌና ክሯን ሰብስባ ደህና ዋሉ ብላን ወጣች። እይው ድፍረቷን።

አሁን ጭንቀቴ ዳንቴሉ ነው። እንደምታውቂው መርፌ ውስጥ ለማስገባት ክሩን በአፍ እናረጥባለን። የሠርጉ ልብስ ደረቱ ሙሉ በእሷ ምራቅ የተሠራ ነው! ቀፍፎኝ በዱላ አንስቼ ድስት ውስጥ ቀቀልኩት። ክሩ ተሸበሸበ፤ የዳንቴሉ ኮከቦች ሁሉ ተጣመሙ። የወር ሥራ! ሌላውንም ልቀቅለው ወይስ ፀሐይ ይበቃዋል? እሱን ንገሪኝ።

በሽታው ከሁሉ ሰው ምራቅ ይወጣል ያልሽውን ግን ለቦነስ አይረሶች ንገሪ። የእኔ መምጠጫ ንጹሕ ብር ነው፤ ብር በሽታ አይቀበልም። ደግሞስ የመጀመሪያውን ውኃ የሚጠጣው ማን እንደሆነ ረሳሽው? አፍስሰን ለቅዱስ ቶማስ እንተውለታለን፤ ቅጠሉ ስርግ አድርጎ ይጠጣለታል። ቅዱስ በቀመሰው ዋንጫ የሚገባ የትኛው በሽታ ነው? እናቴም፣ እናቷም መምጠጫ አጥበው አያውቁም። እኔም አላጥብም።

አኒባል ምን ይላል ብለሻል። የታመመ ሰው ምን ይላል? ልጄ ጨዋ ነው፤ በሴቶች ነገር አይገባም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ሠርጉ ለጊዜው ቆይቷል ብያለሁ። ሠርጉን የሚባርኩት አባ እስኪጠይቁኝ ማህተሙን እጠብቃለሁ።

አክስትሽ ኤርሚኒያ


ቦነስ አይረስ፣ ጥር 31 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.

አክስቴ ሆይ፤

ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

እኔ እዚህ የምውለው ከደም፣ ከሽንት፣ ከአክታ ጋር ነው። ሰው ከአካሉ የሚያወጣውን ሁሉ በብልቃጥ እየያዝኩ ምሳዬን በልቼ እመለሳለሁ። አንድም ቀን አቅለሽልሾኝ አያውቅም። የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ ግን አቅለሸለሸኝ። «የሚያስፈልገው ድረስ አነበብኩት» ይላሉ! «ልጅቷ ግን አልታመመችም» የሚለው እኮ እዚያው አጠገቡ ነበር። የእኔን ቃል ለሁለት ቆርጠው በግማሹ የሰው ልጅ አዋረዱበት። እጄን ታጥቤ ታጥቤ አልጠራ አለኝ።

ዳንቴል አይቀቀልም። ሌላውን ይተዉት፤ የደረቀ ክር ማንንም አይዝም።

የድሮ ማለት የባለጌ ማለት አይደለም። ሕፃን ከእናቱ አፍ ይይዘዋል። እኛ ልጆች ሳለን ቺፓ ዳቦውን ቀድመው አኝከው፣ አላምጠው ያጎርሱን የነበረው ማን ነበር? እርስዎ አልነበሩም? እናቴስ? እኛ ማንን ስመን ነው ደማችን ፖዘቲቭ የሆነው? የእኔም ነው፤ ሥራ ስጀምር ተመርምሬያለሁ። እኔንም ጉድጓዱ ጋ ያስቀምጡኝ እንግዲህ።

ቅዱስ ቶማስን ስለጠሩት ልንገርዎ፤ እሱ እንኳ በጣቱ ካልዳሰስኩ አላምንም ያለ ሰው ነው። እርስዎም ይዳስሱ። ክሊኒክ ይሂዱና ደምዎን ይስጡ። ወረቀቱ ሳይመጣ መልሱን እነግርዎታለሁ፦ የመጀመሪያው ኔጋቲቭ፣ ሁለተኛው ፖዘቲቭ፣ ሦስተኛው ፖዘቲቭ። ተሳስቼ ከተገኘሁ የፈለጉትን ጽፌ የፈለጉትን ማህተም አደርግበታለሁ።

ደግሜ እጠይቃለሁ፤ አኒባል ምን ይላል? ጉሮሮው ከተከፈተ ሰነበተ እኮ።

ዲግና


ቦነስ አይረስ፣ የካቲት 22 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.

ለማከብርዎ አክስቴ፤

ቤትዎ ሰላም ይሁን። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን መጣ። የቅዱስ ብላስ በዓል አለፈ፤ ሠርግ ይሁን ሐዘን አላወቅሁም። በቁጣ ጽፌ ከሆነ ለቁጣዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የጻፍኩትን ግን አልመልሰውም። አኒባል ባሰበት እንዴ? ጣፊያው ነው? አንድ መስመር ቢሆን ይጻፉልኝ። ሲያሻዎት ይስደቡኝ፤ ብቻ ይጻፉ።

ልጅዎ ዲግና


ኢታውጓ፣ መጋቢት 9 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.

ለልጄ ለዲግና፤

ድንግል እንባሽን ሳይወርድ ታብስልሽ። ማንም አልሞተም። አኒባል ድኗል፤ ጎኑም አያመውም፤ ሐኪሙ ትናንት ኳስ ፈቀደለት። እኔ ነኝ የምጽፈው ነገር አልገኝ ያለኝ።

ደሜን ሰጠሁልሽ። የሰጠሁት እውነቱን ልወቅ ብዬ አይምሰልሽ፤ አንቺን ላሳፍርሽ ነው። እንደውም ክቡ በሙሉ ይስማ ብዬ ያችን ሳቂታ ነርስ በረንዳዬ ድረስ ጠርቼ፣ ቺፓ አቅርቤ፣ ወረቀቱን ጮክ ብለሽ አንብቢ አልኳት። አነበበች። አንቺ እንዳልሽው ነው፤ አንድ ፊደል አልሳትሽም። ከሱኒልዳ ወረቀት ጋር ብታስተያዪው ስሙ ብቻ ነው የሚለየው።

 ከክቡ መሃል ያቺ ምላሰኛ ፌርሚና ዳንቴሏን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣

«ኧረ ኤርሚኒያ! ባልሽ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ማንን ነው የሳምሽው? ቅዱስ ቶማስን ነው?» አለች።

ሳቁ ገና አላባራም። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ያለችም ነበረች፤ ማን እንደሆነች ሰምቻለሁ፣ ልቤ ይዟታል። እኔ ግን ሳቃቸው አልነበረም ያመመኝ። ምራቄ ነው። አፌ ውስጥ ሞላ፤ መዋጥ አቃተኝ። ወጥቼ ተፋሁ። በሎሚ አጠብኩት፣ በጨው አጠብኩት፣ ድዴ እስኪደማ ፈተግሁት፤ ምራቅ እንደሆነ ይመጣል። ሰው ከራሱ አፍ የት ይሸሻል? ያቺ ልጅ ያን ሁሉ ቀን ጉድጓዱ ጋ ተቀምጣ ምን ይሰማት እንደነበር ያኔ ገባኝ። ገባኝ ስልሽ በጭንቅላቴ አይደለም፤ እዚሁ ጉሮሮዬ ላይ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዋንጫዬንና ቀዝቃዛ ውኃዬን ይዤ ናርሲሳ ቤት ሄድኩ። አኒባል ጸጉሩን አበጥሮ ተከተለኝ። ደስ አለኝ፤ ዛሬ ይታረቃሉ፣ ለፋሲካ እንድራቸዋለን ብዬ።

ናርሲሳ ወንበር ሰጠችን።  ቅጠሉን ጨመርኩ፣ ውኃውን አፈሰስኩ፣ ራሴ ጠጣሁ፣ ደግሜ ሞልቼ ለሱኒልዳ ዘረጋሁላት።  ተቀበለችኝ። መምጠጫውን ብትጠርገው መብቷ ነው፤ እኛ አገር ከዚያ የባሰ ስድብ እንደሌለ ታውቂያለሽ። አልጠረገችውም። እስኪንኮራኮር ድረስ ጠጥታ መለሰችልኝ።

«ልጄ፣ በድዬሻለሁ» አልኳት። «ይቅር በይኝ።»

«እትዬ ኤርሚኒያ፣ እርስዎን ይቅር ብያለሁ» አለችኝ። «እርስዎ ተጸየፉኝ፤ ተጸየፍኩሽም ብለው ፊት ለፊት ነገሩኝ። መልስ ልሰጥዎት እችል ነበር። አልፈለግሁም እንጂ።»

ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«አንተስ፣ አኒባል?»

«እኔ ምን አደረግሁ?» አለ ልጄ።

«ምንም። ሐኪሙ ‹የእሷ ወረቀት የድሮ ነው፣ እሷ አልታመመችም› ሲል ለሁለታችን አይደለም እንዴ የነገረን? አብረን ቆመን አይደለም የሰማነው?»

ዲግና፣ እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ወረቀቷ የመጣ ቀን እኔ ውጭ ነርሷን ስቆጣ ነበር። ልጄ አንቺ ከመጻፍሽ በፊት፣ ኩባያው ላይ ክር ሳላስር በፊት ያውቅ ነበር!

«ነገሩ እስኪበርድ ብዬ ነው» አላት። «እማዬን ታውቂያታለሽ። አሁን በረደ አይደል?»

«ሰው ዞር ሲልልህ ጉድጓዱ ጋ መጥተህ ትስመኝ ነበር» አለችው፤ እናቷ ፊት፣ እኔ ፊት። «ሰው ሲመጣ ደግሞ በረንዳው ላይ ወጥተህ ከእነሱ ጋር ትጠጣለህ። እኔ በቆርቆሮ። አንድ ቀን እንኳ ‹ተዉ› አላልክም። እኔን የሚያስጠላኝ እሱ ነው። ስስቅም ያስጠላኛል፤ ስበላም ያስጠላኛል።»

ቀለበቱን አውልቃ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ጨመረችለት። ናርሲሳም አላስቆመቻት። እኔም ለልጄ ልከራከር ብድግ ብዬ መልሼ ተቀመጥኩ። እሱ እኔን ያየኛል፤ አንቺ ተናገሪልኝ እንደማለት። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያየኝ ለካ! ጨዋነት ነው እያልኩ ያመሰገንኩት እሱን ነው።

ሱኒልዳ ከፌርሚና ቤት በረንዳ ዳንቴል መሥራት ጀምራለች። ክቡም ግማሹ ወደዚያ ሄዷል። የሄዱትን አልቀየምም። አንቺም ለምን ደጋግመሽ ስለ አኒባል ትጠይቂኝ እንደነበር ገብቶኛል፤ ከዚያ ሁሉ ርቀት ያየሽውን እኔ ከአልጋው ሥር ሆኜ አላየሁትም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ከሥራሽ ውጭ ከሆነ ተይው። ዛሬ ጠዋት በረንዳው ላይ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እኔ ሳልነሳ አኒባል ቅጠሉን ጨምሮ፣ ውኃውን አፍስሶ፣ ጠጥቶ፣ ሞልቶ ዘረጋልኝ። ሳላስበው እጄን ሰበሰብኩ።

«ድኛለሁ እኮ፣ እማዬ» አለኝ።

መዳኑንማ አውቃለሁ። ዋንጫውን ግን ልቀበለው አልቻልኩም። ለዚህ ምን ይመረመራል?

አክስትሽ ኤርሚኒያ